ከንፈሩ የአንተ፣ ድምፁ የማን?

 

ውድ አንባቢያን! የዛሬው ጽሑፌ በቴሌቪዥን ስለሚቀርብ የሙዚቃ ዝግጅት ነው ብላችሁ፣ "ኡስታዙን ደግሞ ምን ነካቸው?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም ዕድሜዬን ሉሕ ይዘው ከሚመጡ ሕፃናት ጋር አሊፍ ባ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና ወደዚህ ጉዳይ በፍላጎቴ አልገባሁም። ያስገባኝ አንድ ደረሳዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከማስቀራቸው ልጆች መካከል አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት አለ። አላህ ድምፅ ሰጥቶታል። ሱረቱ መርየምን ሲቀራ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እግሩን ይገታል። አባቱ የማሾ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ልጃቸውን አስከትለው መጡና ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ "ኡስታዝ፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ። አዲስ አበባ ሄጄ በቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር ልመዝገብ ይላል። ቁርኣን የቀራ አፍ!" አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

እኔም እንደ ልማዴ ምክሬን ጀመርኩ። ስለ ዘፈን ጉዳት፣ ስለ ጓደኛ ክፋት፣ ስለ ከተማ ፈተና አወራሁ። ልጁ እስክጨርስ ጠበቀኝና እንዲህ አለኝ፦

"ኡስታዝ፣ ቅር አይበልዎትና እዚያ የሚወዳደር ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ ይነገረዋል። እኔ አቻምና በዒድ ነሺዳ ሳቀርብ ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰብሮብኛል። ሁላችሁም 'ማሻአላህ' ብላችሁ ሸኛችሁኝ። ዐምና ደግሞ ሊቀርጹን የመጡት ሰዎች በስቱዲዮ ቀድተው ድምፄን አሳመሩትና፣ መድረክ ላይ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ አሉኝ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ያደነቀው እኔን አይደለም። ድምፄ ለምንድን ነው ታዲያ?"

አባትየው ተቆጡ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ያላየሁትን ነገር መንቀፍ ደግሞ አልወድም። ስለዚህ "ሦስት ሳምንት ስጡኝ፤ ይህን ዝግጅት አብሬው ልየው" አልኩና ተለያየን። ይህ ጽሑፍ ያየሁትና የደረስኩበት ነው።

አስቀድሞ ስለ ሑክሙ

ወደ ዝግጅቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ ፈትዋ ልሰጥ አልተነሳሁም። የአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ዑለማእ የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከልክለዋል፤ ለዚህም ቡኻሪ የዘገቡትን የአቡ ማሊክ አል-አሽዐሪን ሐዲስና ሌሎችንም ማስረጃዎች ያቀርባሉ። ኢብን ሐዝም በበኩላቸው በክልከላው ላይ የመጡትን ዘገባዎች አልተቀበሏቸውም። ኢማም ገዛሊ ደግሞ ኢሕያ በተባለው ኪታባቸው ስለ ማዳመጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፈው፣ ነገሩን እንደ ይዘቱ፣ እንደ ሰሚውና እንደ ሁኔታው ለያይተው ተመልክተውታል።

ያልተለያዩባቸው ነገሮችም አሉ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ሁለት ልጃገረዶች ሲያዜሙ አቡ በክር (ረ.ዐ.) ሊያስቆሟቸው ፈለጉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ቀኑ ዒድ ነውና እንዲተዋቸው ነገሯቸው። ሐበሾችም በዒድ ቀን በመስጊዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ዓኢሻ ከነቢዩ ጀርባ ሆና እስክትሰለች ድረስ ተመልክታለች። እኛ የሐበሻ ልጆች ይህን ሐዲስ ስንሰማ ደስ ይለናል። ደስታችን ግን አንድ ነገር አያስረሳን፤ እነዚያ ሰዎች ሲጫወቱ የነበሩት በገዛ እጃቸውና በገዛ እግራቸው ነው።

እንግዲህ መሣሪያን በሚመለከት እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምንባቸውን ዑለማእ ይጠይቅ። እኔ ላወራ የፈለግኩት ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ነገር ነው።

ሦስት ቅዳሜዎች

የአገራችን ቴሌቪዥን እ.ኢ.አ. በ1957 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዘፈን ያልቀረበበት ዘመን የለም። የድምፃውያን ውድድርም አዲስ ነገር አይደለም። ባላገሩ አይዶል የመጀመሪያ ዙሩን ያሸነፈውን ዳዊት ጽጌን ለአገር አስተዋውቋል። ከዚያም ወዲህ በፋና ቴሌቪዥን ፋና ላምሮት የተሰኘው ውድድር ቅዳሜ ቅዳሜ በብዙ ቤት ሲታይ ቆይቷል። ወጣቶቹ የታዋቂ ድምፃውያንን ሥራዎች ያቀርባሉ፤ ከኋላቸው ባንድ ተሰልፎ በቀጥታ ያጅባቸዋል፤ ዳኞች ይተቻሉ፤ ተመልካችም በስልክ መልእክት ድምፁን ይሰጣል። ልጁ እየደጋገመ ያየው የነበረው እንዲህ ዓይነቱን ዝግጅት ነው። እኛም ሦስት ቅዳሜ ቁጭ ብለን ቀጥታ የሚቀርብ ነገር ስናይ፣ በመካከሉም የእህቴ ልጅ በስልኩ ያስቀመጣቸውን የሌሎች ባንዶች የመድረክ ቀረጻ ስናዳምጥ ሰነበትን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ያየሁት ልብሱንና መብራቱን ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን ልጁ፣ "ኡስታዝ፣ ዘፋኙን ይተዉትና ባንዱን ይዩ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ።

አንዲት ልጅ ከምቱ ቀድማ ገባች። ከበሮ መቺው ቀና ብሎ አያት። ቤዝ ጊታር የያዘው ሰውዬ ጣቱን ለቅጽበት ገታ። ኪቦርዱ አንዲት ድምፅ ደገመላትና ልጅቱ ቦታዋን አገኘች። ይህ ሁሉ የሆነው ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለካ የባንድ ትልቁ ሙያ መምታት ሳይሆን መስማት ኖሯል! አንዱ ሌላውን ካልሰማ ዜማው ይፈርሳል። አንዱ ሲስት ሌላው ይሸከመዋል። ቀጥሎም ዳኛው ልጅቱን "ጎበዝ ነሽ" ብሎ አላለፋትም። የትኛው ስንኝ ላይ ከምቱ እንደቀደመች፣ የት ላይ ከቅኝቱ እንደወጣች ቆጥሮ ነገራት። ልጅቱም አመስግና ወረደች።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የራሳችን ቂርኣት ቤት ነው። ደረሳ ኡስታዙ ፊት ተቀምጦ ያሰማል። መዱን ቢያሳጥር፣ ጉናውን ቢያሳልፍ፣ ሷዱን ሲን ቢያደርግ ኡስታዙ እዚያው ያስቆመዋል። ቁርኣን ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ እየተላለፈ እኛ ዘንድ የደረሰው በዚህ እርማት ነው። ከዚህም አልፎ በሰላት ውስጥ እንኳ ኢማሙ አያ ቢስት ከኋላው ያለው መእሙም ያስታውሰዋል፤ ረከዓ ቢዘነጋ "ሱብሐነላህ" ይለዋል። ሴትም በእጇ ታጨበጭባለች። አላህ ፊት በቆምንበት ሰፍ ውስጥ እርማት ከተፈቀደ፣ በመድረካችን ላይ ማን ከለከለን?

የልጁ ወቀሳ ልቤን የነካው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ በተጅዊድ ሲሳሳት የማልምረው ልጅ፣ ነሺዳ ሲያቀርብ ግን ድምፁ ተሰብሮ እያየሁ "ማሻአላህ" ብዬ አልፌዋለሁ። ማሻአላህ መልካም ቃል ናት፤ ከዓይን ትጠብቃለች። እርማትን ግን አትተካም።

የተለጠፈ ድምፅ

ሌላው ያስተዋልኩት ነገር ይኸውላችሁ። ስሕተት ሊታረም የሚችለው ድምፁ በእርግጥ የሰውዬው ሲሆን ነው። በበዓል ዝግጅቶች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ሌላ ነገር ነው። ድምፃዊው ማይክ ይዞ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የምንሰማው ግን ከወራት በፊት በስቱዲዮ የተቀዳውን ነው። የሙያው ሰዎች ፕሌይባክ ይሉታል። በዚህ ሁኔታ ሰውዬው ቢያስነጥሰው እንኳ ዜማው አይቋረጥም!

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 2006 በየሳምንቱ ያቀርበው በነበረው ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ በተባለ ዝግጅት ላይ ብዙዎቹ እንግዶች ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ወጣቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ትልቁን የግራሚ ሽልማት ተቀብለው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሽልማቱ ተነጠቀባቸው። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? በአልበማቸው ላይ የተሰማው ድምፅ የእነርሱ አለመሆኑን አዘጋጃቸው ስላመነ ነው። በእርግጥ የዘፈኑት ሰዎች ፊታቸው ሳይታይ ኖረ፤ የታዩት ሰዎች ደግሞ ስማቸው ጠፋ። አበው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ያሉት ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ አውቶ ቲውን የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወጣ። የሠራው ሰው ቀድሞ የመሬትን ንዝረት እያዳመጡ ነዳጅ በሚፈልጉበት ሙያ ላይ የነበረ መሐንዲስ ነው። ይህ መሣሪያ የሳተን ድምፅ እየጎተተ ወደ ቦታው ይመልሳል። ዘፋኙ ይስታል፤ መሣሪያው ያርማል፤ ሰሚው አያውቅም፤ የሚያሳዝነው ግን ዘፋኙም አይማርም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አስመስሎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እኔ በቴሌቪዥን ዘፋኝ ላይ ይህን ሐዲስ ልምዘዝ አልፈልግም። የሚያስጨንቀኝ የራሳችን ጉዳይ ነው። ምክንያቱም በዒድ ቀን የሚቀርቡ አንዳንድ የነሺዳና የመንዙማ ዝግጅቶች የዘፈኑን መንደር ክፉ ልማድ ወርሰው፣ በጎውን ትተውታል። ባንዱን አልወሰዱም፤ ፕሌይባኩን ወሰዱ። ዳኛውን አልወሰዱም፤ መብራቱን ወሰዱ። ጥምጣማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ወጣቶች ተሰልፈው ድቤ ይመታሉ፤ እጃቸው ሲወርድና ድምፁ ሲሰማ ግን አይገጥምም። የነቢዩን ውዳሴ እየሰማን ዓይናችን የሚያየው ማስመሰል ነው። ለዘፈን ያልፈቀድነውን ለመንዙማ እንዴት ፈቀድን?

"ቴፑም እኮ ያው የሰው ድምፅ ነው" የሚል ይኖር ይሆናል። ልክ ነው፤ በካሴት የተቀዳ ነገርን ካሴት ነው ብሎ መስማት ነውር የለውም። የሸኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ አገር ምድሩን ያዳረሰው በካሴት ነው፤ ማንንም አላታለለም። ነውሩ ያለው የተቀዳውን "አሁን እየተባለ ነው" ብሎ ማቅረቡ ላይ ነው። እስቲ አዛንን እንመልከት። ብዙ ዑለማእ ከቴፕ የሚለቀቅ አዛን ለሰላት ጥሪ አይበቃም ብለዋል፤ አዛን ዒባዳ ነውና በወቅቱ ነይቶ የሚጣራ ሰው ይፈልጋል። በአነጋገሩ ያማረ በኪስ ስልካችን ውስጥ ሞልቶ ሳለ፣ የሠፈራችን ሙአዚን ጉንፋን በያዘው ጉሮሮው የሚያሰማው አዛን ይበልጣል። ለምን ቢባል እርሱ አሁን እዚያ ቆሟል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አዛንን በሕልሙ ላየው ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ ቃሉን ለቢላል እንዲያስተምረው ያዘዙት የቢላል ድምፅ የተሻለ ስለነበር ነው። ጥሩ ድምፅ ተመረጠ፤ የተመረጠው ግን ድምፁ ብቻ ሳይሆን ቢላል ነው።

ክብ ሆኖ መቀመጥ

የእህቴ ልጅ ካሳየኝ ነገር አንዱ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። ይኸው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ሌተር የተባለ ሌላ ዝግጅት ጀመረ። በዚህኛው በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተለያየ ዓይነት ባንዶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ እዚያው ቆመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ተራው ወደ ሌላው ይዞራል። ታዋቂውና ጀማሪው፣ ሽማግሌውና ወጣቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በሌላ ሙያተኛ ፊት ከንፈር ብቻ ማንቀሳቀስ እንዴት ይቻላል?

እኔ ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ የይፋት ቆላ የመውሊድ ሌሊት ነው። በእኛ አገር መንዙማ መድረክ አልነበረውም። ሰዉ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አውራጁ ስንኙን ያወርዳል፤ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል። ድቤው ከመካከል ነው። አውራጁ ስንኝ ሲዘልል ከተቀባዮቹ አንድ ሽማግሌ ያቀብሉታል፤ ምቱ ሲፈጥን ሌላው በጭብጨባው ይይዘዋል። ባንዱም፣ ዳኛውም፣ ተመልካቹም አንድ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከሮቢ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ በሰንበቴም ሆነ በአጣዬ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛም በዐረብኛም እንዲሁ ይባል ነበር። ከአርጎባ የተገኙት ታላቁ ሸኽ ጦልሃ ኢብኑ ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ግጥም ያቆዩልን ምእመኑ በጋራ እንዲለውና እንዲማርበት ነው እንጂ አንድ ሰው ብቻውን እንዲታይበት አይደለም።

ደግሞ ዳኞቹ በቴሌቪዥን በየጊዜው ስማቸውን የሚጠሯቸውን ቅኝቶች ልብ በሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ የወሎ የገበያ ከተማ ናት። አምባሰልም የወሎ አገር ነው። ሁለቱም ከእኛ በስተ ሰሜን ያሉ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጆቻችን ግን እነዚህን ስሞች የሚያውቋቸው ከዳኞች አፍ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ዝግጅቱ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ልጆቼ አጉረመረሙ። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ጨለማው ውስጥ በልጅነቷ ትሰማው የነበረውን መንዙማ ቀስ ብላ ማውረድ ጀመረች። ስንኙን አውርዳ ቆመች። ለካ የምትጠብቀው ተቀባይ ነው። ልጆቼ ዝም አሉ። የተወዳዳሪዎቹን ዘፈን ከነማን እንደሆነ የሚያውቁት ልጆቼ የአያታቸውን አዝማች አያውቁትም። ደረሳዬም አያውቀውም። እኔ ብቻዬን ተቀበልኳት፤ እኔም ሦስተኛው ላይ ተሳሳትኩ። እናቴ፣ "እንዲያ አይደለም" አለችና አረመችኝ። በአርባ ዓመት ዕድሜዬ በልጆቼ ፊት መታረሜ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ ያን ዓይነት እርማት በቤቴ ውስጥ ከሰማሁ ብዙ ዓመት መቆጠሩ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ማላከክ አይበቃም። ቴሌቪዥኑ ባዶ ቦታ አግኝቶ ገባ። ቦታውን ባዶ ያደረግነው እኛ ነን። አንዳንዶቻችን መንዙማን በጅምላ ኮንነን ዝም አስባልነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ ወደድነው እያልን ለፕሌይባክ ሰጠነው። በሁለቱም መንገድ ልጁ የሚሰማው አጥቷል።

ዝግጅቱንም ዝም ብዬ አላለፍኩትም

ምስጋናዬ እንዳያሳስታችሁ። በእነዚያ ቅዳሜዎች ያየሁት ሁሉ የሚወደስ አይደለም። አንደኛ፣ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ ለቤተሰብ ጆሮ የማይመጥኑ ናቸው፤ ዜማው ስላማረ ቃሉ ንጹሕ አይሆንም። አለባበሱንም አንድ ሙስሊም አባት ከሴት ልጁ ጋር ተቀምጦ የሚያየው አይደለም። ሁለተኛ፣ ተመልካች በስልክ መልእክት የሚሰጠው ድምፅ ዳኝነትን ከሙያ ወደ ገንዘብና ወደ ዘመድ ብዛት ይጎትታል። ዘመዱ የበዛ ሰው ድምፁ አማረ ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ረጅም ነው። ዐስር ሰላት ሲደርስ እኛ ቤት "ይቺ ብቻ ትለፍ" የሚል ድምፅ ተሰምቷል። ከሰላት የሚያዘገይ ነገር ምንም ያህል ጥሩ ሙያ ቢኖረው ለእኛ ኪሳራ ነው። አራተኛና ዋናው፣ ወጣቶቹ የሚዳኙት የሌላ ሰው ዘፈን በመምሰል ነው። ምን ያህል ያን ሰው እንደመሰሉ እንጂ ምን እንዳላቸው ብዙም አይጠየቁም። ከንፈርን ከማስመሰል ቢሻልም ይህም ያው የማስመሰል ታናሽ ወንድም ነው።

በመሆኑም "ልጆቻችሁን ከፊቱ አስቀምጡ" እያልኩ አይደለም። የምለው፣ የሙያውን ሐቅ ከይዘቱ ለይተን እንመልከት ነው። በቀጥታ መቆም፣ መስማማት፣ መታረም የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ከእኛ የወጡ ናቸው፤ ብንመልሳቸው የራሳችንን ነው የምንወስደው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የነሺዳና የመንዙማ ዝግጅት የምታሰናዱ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ዛሬ እንደ አፍሪካ ቲቪና ሚንበር ቲቪ ያሉ በአማርኛ የሚያስተላልፉ እስላማዊ ጣቢያዎች ባሉበት ዘመን፣ ይህን ዕድል አባቶቻችን አላገኙትም ነበር። ካሜራችሁን ይዛችሁ ወደ ቆላው ውረዱ። ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሩቅ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ከነተቀባያቸው፣ ከነሳላቸው፣ ከነስሕተታቸው በቀጥታ ቅረጹ። አንድ ማይክ ለአውራጁ፣ አንድ ለድቤው፣ ሁለት ለተቀባዮቹ ካላችሁ ይበቃል። የተቀዳ ከሆነም "የተቀዳ ነው" ብላችሁ ጻፉበት፤ ሐቅ ነው፣ አያዋርድም።

ሁለተኛ፣ ኡስታዞች ሆይ! ድምፅ ያለውን ልጅ ስናገኝ ወይ አጨብጭበን እናበላሸዋለን፣ ወይ ተቆጥተን እናሸሸዋለን። በተጅዊድ ላይ ያለንን ጆሮ በነሺዳውም ላይ እንክፈተው። ካቀረበ በኋላ ለብቻው ጠርተን እዚህ ጋ ተሰበረ፣ እዚያ ጋ ትንፋሽ አጠረህ እንበለው። የሚታረም ልጅ ተፈላጊ መሆኑን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ! በሳምንት አንዲት ምሽት መብራት እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ቴሌቪዥኑን አጥፉትና አያቶችን አስወርዱ። ልጆች አዝማቹን ይያዙ። ሲሳሳቱ ይታረሙ። አባትም ሲሳሳት ይታረም።

ወደ ደረሳዬ ልመለስ። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ አባትና ልጅ መጡ። ለአባትየው፣ "ልጅዎ የጠየቀኝ ዘፈን ሳይሆን ጆሮ ነው። ጆሮ የነፈግነው እኛ ነን" አልኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ "እኔም እኮ በልጅነቴ ተቀባይ ነበርኩ" አሉ። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አያቸው። ይህን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

አሁን ልጁ ኀሙስ ማታ ማታ መንዙማ ወደሚያወርዱ አንድ አዛውንት ዘንድ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሰባት ጊዜ አስቁመውታል። ሰባቱንም ቆጥሮ ነገረኝ። አዲስ አበባ የመሄዱን ነገር ግን አልተወውም፤ "አስብበታለሁ ኡስታዝ" ነው ያለኝ። እኔም የማልችለውን ቃል አልገባላችሁም፤ ልጁ ነገ የት እንደሚቆም የሚያውቀው አላህ ነው። አንድ ነገር ግን ተስማምተናል። በመጪው ዒድ ያለ ፕሌይባክ በገዛ ድምፁ ይቆማል፤ አባቱ ከተቀባዮቹ መካከል ይቀመጣሉ፤ ድምፁ ቢሰበር እኔ እነግረዋለሁ።

አላህ ድምፃችንን ከማስመሰል፣ ጆሯችንን ከግዴለሽነት ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።